ይቅርታ አልቀበልም ያለው መካኒክ

ጥቅምት 4 ቀን

ለምወድሽ የወንድሜ ልጅ፣ ለቶሎ ቶሎ፤

የሰማይ አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ መውጣት መግባትሽን ይባርክልሽ። እኔ ከጆሮዬና ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል፤ ጆሮዬማ ጭራሽ ጥሎኝ ሊሄድ ዕቃውን እየሸከፈ ነው። ስልኩን ተይና ጻፊልኝ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ባለፈው ስትደውዪ "ብርድ ነው" ብትዪኝ "ብር ነው" ያልሽ መስሎኝ፣ ደህና ከፈሏት ብዬ ተመስገን ስል ነበር። ወረቀት እንዲህ አያሳስትም፤ ደግሞ ተመልሶ ይነበባል።

ስፌቱ አለ። የተማሪ ልብስ ወቅት ስላለፈ አሁን የማሳጥረው ሱሪ ብቻ ነው፤ የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ባንድ ጊዜ አጠረ መሰለኝ። ቅዳሜ ጸሎት ቤቱን የማጠብ ተራ የኛ ነበር። አናጢው ከዘራውን ይዞ መጣና "እኔ ባለ ሦስት እግር ነኝ፤ ማንም አይቀድመኝም" ብሎ መጥረጊያ ያዘ። ሳቅን። ያቺ ጡረታ የወጣችው መምህርት ታማ ተኝታለች፤ ሾርባ የምናደርስላት በየተራ ነው። የኔ ቀን ማክሰኞ ነው። ትናንት ጨው አበዛሁና "ተማሪ ብትሆኚ ዜሮ እሰጥሽ ነበር" አለችኝ። ከቀለደች ትድናለች።

ሌላ ወሬ፤ መካኒኩ ጋራዡን ዘጋ። የጸሎት ቤቱ መኪና ከተገለበጠበት ከዚያ አደጋ ወዲህ ከኛ ሰው መኪናውን የሚሰጠው አልነበረም፤ የውጪውም ሰው ከኛ እየሰማ ቀረ። አሁን መናኸሪያው አጠገብ ቁጭ ብሎ ጎማ ይለጥፋል። እሑድ እሑድ ግን ይመጣል። በሩ ጥግ ቆሞ ያመልክና ቡራኬው ሳያልቅ ይወጣል። እግዚአብሔር ይቅር ይበለው እላለሁ። አፌ ይላል፤ ልቤ ግን ገና ነው። በአንድ ሰው ግዴለሽነት አንቺን ላጣሽ ነበር እኮ። አናጢውም ዕድሜ ልኩን አንካሳ ሆኖ ቀረ።

እስቲ አንቺም በደንብ ጻፊ። ደብዳቤሽ የቴሌግራም ያህል ነው።

አክስትሽ፣ ልብስ ሰፊዋ

ኅዳር 9 ቀን

ለተከበሩት እትዬ፤

ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አነበብኩት። ስለ "ብሩ" ብቻዬን ስስቅ አለቃዬ በሩን አንኳኳ።

ቴሌግራም ላሉኝ ይኸው። መነጽር ቤት መሥራቴን ያውቃሉ፤ ምኑን እንደምሠራ ግን ነግሬዎት አላውቅም። ሐኪሙ የጻፈው ቁጥር ይመጣልኛል፤ እኔ መስታወቱን ሞርጄ ከፍሬሙ ጋር አገጣጥማለሁ። አለቃዬ ሽማግሌ ነው፤ ቁጣ አያውቅም፤ ግን አንዲት ፀጉር የምታህል ስህተት አያሳልፍም። "አንቺ እዚህ ትንሽ ከሳትሽ፣ ሰውዬው እዚያ ደረጃ ይስታል" ይለኛል። መጀመሪያ ሰሞን በቀን አምስት እሰብር ነበር። አሁን በሳምንት አንድ ብሰብር ነው። እኔ ቀስ ብዬ ስሠራ ቢያዩኝ አያምኑም።

እሑድ እሑድ እዚህም የምንሰበሰብ ጥቂት ሰዎች አለን። የትምህርት ቤት ክፍል ተከራይተን፣ በልጆች ወንበር ላይ ጉልበታችንን አጥፈን እንዘምራለን። በመጨረሻ "በልቡ ሸክም ያለበት ካለ" ተብሎ ይጠየቃል። እኔ ያኔ ጫማዬን አያለሁ።

እትዬ፣ ስለ ጋሼ መካኒክ የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት። ጋራዡን የዘጉት በዚያ ነገር ብቻ ነው? ሽማግሌዎቹ ጉዳዩን በሰላም ጨርሰነዋል አላሉም ነበር? ሚስታቸውስ አሁንም ትዘምራለች?

ልጅዎ

ታኅሣሥ 1 ቀን

ለልጄ፤

ጌታ እጅሽን ያጽናው፤ መስታወቱንም ከእጅሽ ይጠብቀው። ደብዳቤሽን ለአናጢው አነበብኩለት። "ቶሎ ቶሎ ቀስ ብላ ሠራች? ይኼ ተአምር በምስክርነት ሰዓት ይነገር" አለ።

የጠየቅሽኝን ልንገርሽ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ የሆነ ስለሆነ አታውቂውም። ሽማግሌዎቹ መካኒኩን ጉባኤው ፊት አቆሙት። ክፉ አስበው አይደለም። መጋቢው "ወንድማችን፣ ሰው ይሳሳታል። ፍሬኑን በሠራህ በሁለተኛው ቀን መኪናው ተገለበጠ። እኛ ይቅር ብለንሃል" አለው። ሁላችንም አሜን አልን። ቀላል ነገር ነበር፤ አመሰግናለሁ ብሎ ቢቀመጥ ያልቅ ነበር። እሱ ግን "ያላጠፋሁትን ይቅርታ አልቀበልም" አለ። ፍሬኑን ሠርቼ፣ ነድቼ ሞክሬ ነው ያስረከብኩት፤ ሌላ መካኒክ ይየው ብሎ ተከራከረ። መኪናው ደግሞ ለቁራጭ ብረት ተሽጦ ሄዷል፤ ምኑ ይታይ?

ያኔ ብድግ ያልኩት እኔ ነኝ። ያለወትሮዬ በሰው ፊት ጮኼ "ልጄን ልትገድላት ነበር፤ አሁንም ትኮራለህ?" አልኩት። ከኔ በኋላ ሌላውም ተናገረ። ሚስቱ ከመዘምራኑ መካከል ወጥታ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ አልዘመረችም። ያ ድምፅ ከሌለ መዝሙሩ ጣሪያ እንደሌለው ቤት ነው፤ እውነት ለመናገር። አናጢው ብቻ ያን ቀን ምንም አላለም። በኋላም ስሙን በክፉ አያነሳም፤ ሰላምታ ግን አይሰጠውም።

ትዕቢት ክፉ ነው ልጄ። አንድ ቃል ቢል ኖሮ ዛሬ ጋራዡ ክፍት ነበር።

መምህርቷ ተሽሏታል። ዘጠኝ ሰጠችኝ ከአሥር።

አክስትሽ

የካቲት 3 ቀን

ለእትዬ፤

እንደምን ከረሙ። ይህን ያህል በመዘግየቴ ይቅር ይበሉኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። አይደለም፤ ሥራስ እንደ ወትሮው ነው። ጽፌ ጽፌ እየቀደድኩ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ ወደዚያ ስለምትመጣ ሁለት ዕቃ ልኬያለሁ። መነጽሩ የእርስዎ ነው፤ በገዛ እጄ የሞረድኩት፤ ክር በመርፌ ሲያስገቡ ያድርጉት። ሳጥኑ ውስጥ ያለው የመፍቻ ስብስብ ነው፤ ደህና ብረት ነው፤ ለጋሼ መካኒክ ይስጡልኝ። ከማን እንደሆነ አይንገሩብኝ፤ እባክዎ።

ልጅዎ

የካቲት 26 ቀን

ለልጄ፤

ሰላሙን ያብዛልሽ። መነጽሩን አድርጌ ክሩን በመርፌው ባንድ ጊዜ አስገባሁት። ምርቃቴን ተቀበዪ፤ ዓይኔን እንዳበራሽ ዓይንሽ ይብራ።

ሳጥኑ ግን ከነመፍቻው አልጋዬ ሥር ነው ያለው። ቤቱ ድረስ ይዤ ሄድኩ። ከዚያ ጉባኤ ወዲህ ደጁን ረግጬ አላውቅም ነበር። ሚስቱ በሩን ከፍታ እንደ ውሃ ቆጣሪ አንባቢ አየችኝ፤ ግን ግቢ አለችኝ። እሱ ሳጥኑን ከፈተ፤ አንዷን መፍቻ አነሳና በእጁ መዘናት፤ ደስ እንዳለው ከዓይኑ አየሁ። "ማነው የላከው?" አለኝ። እኔ መዋሸት አልችልበትም፤ አንቺ መሆንሽን ነገርኩት።

መፍቻዋን ወደ ቦታዋ መለሳት። ሳጥኑን ዘጋ። "ለልጅቷ ሰላም በዪልኝ" አለ፤ ሳይቆጣ። "ዕቃውን ግን አልወስድም። የሠራሁትን ፍሬን እኔ አውቀዋለሁ። እሷም ታውቀዋለች።"

እስከ ቤቴ እየተናደድኩ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ስቀመጥ ግን ንዴቱ ጥሎኝ ሄደና አንድ ሌላ ነገር ገባብኝ። በራሴ ቤት እንግዳ መሰልኩ። ጥፋት ከሌለብሽ ለምን ስሜን ደብቁልኝ ትያለሽ? እሱስ ለምን "ታውቀዋለች" ይላል?

ልጄ፣ ከእናትሽ ሞት ወዲህ ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ። ጽፈሽ አትቅደጂ። የቀደድሽውን ላኪልኝ።

አክስትሽ

ሚያዝያ 17 ቀን

እትዬ፤

ሰላምታውን ዛሬ አልችልም። ቀጥታ ልጻፈው።

ያን ቀን ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዲሶቹን አግዳሚ ወንበሮች ከጋሼ አናጢው ወርክሾፕ በጸሎት ቤቱ መኪና ጭነን፣ እኔ እየነዳሁ ወደ ጸሎት ቤት እየመጣን ነበር። እሳቸው ወንበሮቹ እንዳይንሸራተቱ ከኋላ ጭነቱ ላይ ተቀምጠው ይዘዋል። ስወጣ "ቀስ በዪ፣ ከኋላሽ ሰው አለ፤ ዕቃ ብቻ አይደለም" ብለውኝ ነበር። ቁልቁለቱን ስጀምር ጭኔ ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። መልእክቱ የምጠብቀው ነበር፤ እዚህ ለሥራ መመረጤን የሚናገር ነው። ማንበብ እንኳ አልነበረብኝም፤ ጠብቄ ቆሜ ማየት እችል ነበር። አነበብኩት። ደስ አለኝ፤ እትዬ፤ ያን ሰዓት የተሰማኝ ደስታ እስካሁን ያሳፍረኛል። ቀና ስል ወፍጮ ቤቱ ጋ ያለው መታጠፊያ ደርሷል። በድንጋጤ የረገጥኩት ነዳጁን ነው። እግሬ ፍሬኑን አልነካውም።

መኪናው ተገልብጦ ሲቆም ሰው ተሰበሰበ። ጋሼ አናጢው መሬት ላይ ናቸው፤ እግራቸው ከሥራቸው ታጥፏል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ትከሻዬን ይዞ "ፍሬኑ እምቢ አለሽ? ልጄ፣ ፍሬኑ ነው?" አለኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ውሸቱን በአፌ እንኳ አልተናገርኩትም፤ ሌላ ሰው ተናግሮልኝ እኔ ነቀነቅሁ። ነገ እናገራለሁ አልኩ። በማግሥቱ እርስዎ እያለቀሱ ጭንቅላቴን ሲዳብሱኝ ከነገ ወዲያ አልኩ። ከዚያ ቪዛው መጣ። ጸሎት ቤት ቆሜ ስትመርቁኝ ጋሼ መካኒክ በሩ ጋ ነበሩ። አሜን ሲሉ አየኋቸው።

ይቅር ብለንሃል ብላችሁ ጉባኤ ፊት ማቆማችሁን ግን አላውቅም ነበር። የታኅሣሡ ደብዳቤ እስኪደርሰኝ፣ የሆነው ሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እሳቸው የኔን ጥፋት ተሸክመው፣ ይቅርታውንም በግድ ልታሸክሟቸው ነበር።

ይህን ደብዳቤ ለማን እንደሚያነቡት እርስዎ ያውቃሉ። ቢያቃጥሉትም አልፈርድም። እኔ ግን ሁለተኛ አልቀደውም።

ልጅዎ፣ አሁንም ልጅዎ ከሆንኩ

ግንቦት 20 ቀን

ለልጄ፤

ልጄ ነሽ። ከሱ ልጀምር፤ ሌላው ረጅም ነው።

ደብዳቤሽን ሦስት ቀን ያዝኩት። መጀመሪያ ያዘንኩት ላንቺ ነው፤ ሁለተኛው ቀን ተናደድኩብሽ፤ በሦስተኛው የራሴ ጩኸት መጣብኝ፤ "አሁንም ትኮራለህ?" ያልኩት። የያዝኩትን ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁት። ፈታሁትና ተነሳሁ።

መካኒኩን መናኸሪያው ጋ ጎማ እየለጠፈ አገኘሁት። የተገለበጠ ጎማ አቧራውን አራግፎ እላዩ አስቀመጠኝ። ላነብለት ጀመርኩ፤ ድምፄ እምቢ አለኝ። ያኔ ቆይ ብሎ ሄዶ እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ወረቀቱ እንዳይቆሽሽ ብሎ ነው። አድርቆ መጥቶ ተቀበለኝና ራሱ አነበበው። ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። አውቶቡሶች ይወጣሉ፣ ይገባሉ።

"አንቺ መቼ አወቅሽ?" አለኝ።

"ከሦስት ቀን በፊት።"

ራሱን ነቀነቀ። "ሦስት ቀንም ይከብዳል" አለ።

"ወንድሜ፣ እኔም በድዬሃለሁ" አልኩት። "ከሁሉ በፊት አፌን የከፈትኩብህ እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ እትዬ። ድምፅሽ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ።"

ምን ላድርግልህ ብለው፣ ካሳ እንደማይፈልግ ነገረኝ። "ይቅር ያላችሁኝ ሰው ፊት አቁማችሁ ነው። እዚያው ሰው ፊት ይነበብ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም" አለ።

ከእሑድ በፊት ለአናጢው መንገር ነበረብኝ። እንጨት ይልግ ነበር። ስጨርስ መላጊያውን አስቀመጠ። "ስልክ?" አለ። ቆይቶ ደግሞ "ስልክ እያየች?" አለ። ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁ። "እትዬ፣ ዛሬ ሂጂልኝ" አለኝ። ይህን ሰው ያለ ቀልድ አይቼው አላውቅም፤ ልጄ፣ ይህን የምጽፍልሽ ልጎዳሽ አይደለም፤ ማወቅ አለብሽ።

እሑድ ቆሜ አነበብኩት። ራሴን ስለማልሰማ ሳልጮህ አልቀርም፤ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ሰማ አሉኝ። ያንቺን ስጨርስ የራሴን ጨመርኩ። መጋቢው ከመድረኩ ወረደ፤ መንገዱን ሁሉ ሄዶ በሩ ጋ መካኒኩ ፊት ቆመና "ወንድሜ፣ ይቅር ባዮች ነን ብለን በድለንሃል። ዛሬ የምንለምን እኛ ነን" አለው።

"ይቅር ብያችኋለሁ" አለ መካኒኩ። "ልጅቷንም። ደህና ነኝ ግን አልልም፤ ገና አልሆንኩም። ለሱ ጊዜ ስጡኝ።"

ምን እንደምናደርግ ግራ ገባን። መዘመር ነውር ሆነብን፤ መቀመጥም። ያኔ አናጢው ከፊት ተነሳ። ከዘራው ወለሉን እየመታ እስከ በሩ ሄደ። ሦስት ዓመት ሰላም ካላለው ሰው ጎን ቆመና ክንዱን ያዘው። "እግሬ ብዙ አያቆመኝም" አለው። "ወይ አብረን እንቀመጥ፤ ወይ አብረን እንወድቃለን።"

አብረው ተቀመጡ።

ሳጥኑን አሁን ወስዶታል። ዋጋ ከፍሎ ነው ግን፤ ስጦታ ነው ብለው አልሰማኝም፤ እኔም አልተከራከርኩም። መጋቢው የጸሎት ቤቱን አዲስ መኪና ቁልፍ ሰጥቶታል።

አክስትሽ

ሰኔ 11 ቀን

ለእትዬ፤

ደብዳቤዎን አለቃዬ ፊት ነው የከፈትኩት፤ ብቻዬን መክፈት ፈራሁ። ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም ነገርኩት። ፈቃድ እንድወስድ ያለኝ እሱ ነው። ሐምሌ ሲጋመስ እመጣለሁ። ትኬቱን ቆርጫለሁ።

ለጋሼ መካኒክና ለጋሼ አናጢው ለየብቻ ጽፌያለሁ፤ ከዚህ ጋር ነው ያለው። እትዬ፣ እፈራለሁ። በእግሬ ያን ሰፈር እንዴት እንደምገባ አላውቅም። ሰው ባያናግረኝ አይፍረዱበት። ጋሼ አናጢው ሊያዩኝ ካልፈለጉም ይንገሩኝ፤ ከደጃቸው እመለሳለሁ።

እርስዎ ጋ ማረፍ እችላለሁ?

ልጅዎ

ሐምሌ 2 ቀን

ለልጄ፤

የሚመራሽ አምላክ መንገዱን ያቅናልሽ። የት ልታርፊ ነበር? አልጋሽን አንጥፌያለሁ።

ደብዳቤዎቹን አድርሻለሁ። መካኒኩ አንብቦ ኪሱ ከተተውና "ስትመጣ ሻንጣዋን ሳታወርድ መጀመሪያ ወደኔ ትምጣ። በወረቀት ሰምቻለሁ፤ ከአፏ ልስማ" አለ። ቁጣ የለበትም፤ ግን ሂጂ። እኔ አብሬሽ እስከ በሩ እመጣለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያንቺ ነው።

አናጢው ደብዳቤሽን ገና አልከፈተውም። አልዋሽሽም። መስኮቱ ላይ አስቀምጦታል። ግን ትናንት ሾርባ ስናደርስ (አሁን ደግሞ የታመመው መጋቢው ነው) ድንገት እንዲህ አለኝ፦ "ከወርክሾፔ እስከ ጸሎት ቤት በእግር አርባ ደቂቃ ይፈጅብኛል። ድሮ አሥር ነበር። ስትመጣ አብራኝ ትሂድ፤ እሷ አትቅደመኝ፤ እኔ የምለውን መንገድ ላይ እላታለሁ።" ይቅርታ ነው ወይስ ፍርድ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ "አብረን ሄደን ስንደርስ እናያለን" አለኝ። ተዘጋጂ።

አሁን ለምን እንደምጽፍልሽ የማላውቀውን ነገር ልንገርሽ። ትናንት ከሰዓት የመካኒኩ ሚስት ጨርቅ ይዛ መጣች። ደጄ ላይ ቆማ "ሥራ ትቀበያለሽ?" አለችኝ፤ እንደማታውቀኝ ሰው። አዎ አልኳት። ከእሑድ ጀምራ ልትዘምር ነው፤ የድሮው ቀሚስ ሰፍቷታል። "ልኬቴን አዲስ ውሰጂ፤ ከስቻለሁ" አለች።

ሜትሬን አወጣሁ። ትከሻዋን ለካሁ፤ እውነትም ከስታለች፤ ከድሮው ልኬት አራት ጣት ጎድላ። ያከሳናት እኛ መሆናችን ገባኝ። ጠርዙን ልለካ ስንበረከክ ጉልበቴ ያው እንደምታውቂው ነው፤ መውረዱን ወረደ፣ መነሳቱን ግን እምቢ አለ። እዚያው እግሯ ሥር ቀረሁ። ቁጥሩም ጠፋብኝ፤ ዓይኔ በእንባ ሞልቶ ያንቺ መነጽርም አላዳነኝ።

እሷ ጎንበስ ብላ በብብቴ ገብታ አነሳችኝ። "ወንበሩን አምጪና ተቀምጠሽ ለኪኝ" አለች። "እኔ አልቸኩልም።"

ተቀምጬ ለካኋት።

አክስትሽ